ተራ ሕንፃ ሲሣል ለምን የመሐንዲስ ፕላን ይመስላል? ከግድግዳ፣ ከመስኮትና ከደረጃ ሥዕል ስለማውጣት

ሰማያዊ_በር
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ተራ ሕንፃ ነው። ታዋቂ ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ማለቴ አይደለም። በየቀኑ አይተን የምናልፈው ባለ አራት ፎቅ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አሸንዳ፣ ደረጃ፣ ልስኑ የረገፈ ግድግዳ ማለቴ ነው። ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነው፤ ስልክ እስኪሞላ ይነሳል። ወደ ወረቀት ሲመጣ ግን ወይ የመሐንዲስ ፕላን የመሰለ ደረቅ ነገር ይወጣል፣ ወይ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ምኑ ይመረጣል? ምኑ ይተዋል? መሣሪያዎቹ እርሳስ፣ የውሃ ቀለምና ስልክ ናቸው።

ቀጭን_መስመር
ሁለቱ ችግሮች ለየብቻ ይታዩ። እኔ የመውደቁን ልመልስልሽ፣ ድርቀቱን ለሌሎች ልተወው።

ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቀው ስልኩ ወደ ላይ ስለተጋደመ ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ነው፤ በፊልም ካሜራ ሚዛን ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከቅርብ ቆመሽ ጣሪያውን ለማስገባት ስልኩን ስታጋድሚ የግድግዳው ቋሚ መስመሮች ወደ ላይ ይጠባሉ። ከዚያ ፎቶ ላይ ስትገለብጪ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። መፍትሔው ወደ ኋላ መራቅ፣ ቦታው ከበቃ ደግሞ ሁለት እጥፍ ማጉያውን መጠቀም ነው። ሕንፃው 12 ሜትር ከፍታ ካለው ስልኩን በቁመቱ ይዘሽ 20 ሜትር ገደማ ራቂ፤ በሁለት እጥፍ ማጉያ ከሆነ ከ30 ሜትር በላይ። ስልኩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከታች የሚገባው ትርፍ አስፋልት በኋላ ይቆረጣል። በማስተካከያ አፕ ቋሚዎቹን ማቅናት ይቻላል፤ ግን ላይኛው ፎቅ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይቆረጣል፤ ስለዚህ በዙሪያው ባዶ ቦታ ትተሽ አንሺ።

በቦታው ላይ ስትስዪ ከሁሉ በፊት የምታሰምሪው የዓይንሽን ከፍታ መስመር ነው። በር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.1 ሜትር ነው፤ የቆመ ሰው ዓይን ደግሞ 1.5 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ቆመሽ ከሆነ መስመሩ በሩን ከሦስት አራተኛው ላይ ያቋርጠዋል። ዱካ ላይ ከተቀመጥሽ ወደ በሩ ወገብ ይወርዳል። ከዚህ መስመር በላይ ያለ ወደ ውስጥ የሚሸሽ ጠርዝ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል፣ በታች ያለው ሽቅብ ይወጣል፣ መስመሩ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው የላይኛውን ፎቅ ነው፤ ጣሪያው ከሚገባው በታች ይጋደማል። እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዘሽ ጠርዙ ላይ አስተኝተሽ ማዕዘኑን ሳታዛቢ ወደ ወረቀቱ አውርጂው። ያየሽው ማዕዘን ካሰብሽው በላይ ያዘነበለ መሆኑን ስታዪ ትደነግጫለሽ።

ወደ ውስጥ የሚሸሹ እኩል መስኮቶችን በግምት አትበትኚ። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም ሁለት ቋሚ መስመሮችን ከላይና ከታች ጠርዛቸው ጋር ሣዪ። የሁለቱን ቋሚዎች ወገብ የሚያያይዝ መስመር ሌሎቹ ወደሚገናኙበት ነጥብ ስደጂ። ከዚያ ከአንደኛው ቋሚ ጫፍ ተነስተሽ በሁለተኛው ወገብ አልፈሽ እስከ ታችኛው ጠርዝ አስምሪ። የነካበት ቦታ ሦስተኛው ቋሚ ነው። እንዲህ እያልሽ አሥርም ይሁን ሃያ መስኮት ይቀጥላል።

ግድግዳ_አንባቢ
ልጄ ቀጭን መስመር የተናገረው ልክ ነው፤ ድርቀቱን ግን ፐርስፔክቲቭ (ርቀትን በመስመር የማሳየት ዘዴ) አያድነውም። ድርቀት የሚመጣው ሕንፃውን ሙሉውን ለመሣል ከመሞከር ነው። ሁሉም ነገር እኩል ከተሣለ ዓይን የሚያርፍበት የለም።

አንድ የሕንፃ ክፍል ብቻ ይመረጥ። የመስኮት ፍርግርግ ከሆነ ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ከሆነ መደገፊያ። ከዚያ የዚያን ዓይነት 9 ወይም 12 ይሰብሰብ። ጀርመናውያኑ በርንድ እና ሂላ ቤኸር ከ1959 ጀምሮ የውሃ ማማዎችን፣ የጋዝ ማጠራቀሚያዎችንና የፋብሪካ ግንባታዎችን እንዲህ ሲያነሱ ኖረዋል፤ አነሳሳቸው አንድ፣ ሰማዩ ደመናማ፣ ቀጥሎም ፎቶዎቹን በረድፍና በዓምድ መደርደር። ለብቻው ሲታይ የሚያሰለች ግንብ ከስምንት ወንድሞቹ ጋር ሲቆም ጠባይ ያወጣል።

ሕጉ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ካልጠበቀ አይሠራም። ርቀቱ በእርምጃ ይቆጠር፣ ስልኩ ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ይያዝ፣ ፍርግርጉ የፎቶውን አንድ ዓይነት ድርሻ ይሙላ፤ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በደመና ከተነሳ ዓይን ቅርፁን ትቶ ብርሃኑን ማነጻጸር ይጀምራል።

ከዚያ ነው ሥዕሉ። ዘጠኙ በአንድ መጠን ይታተሙ፤ ወርዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። በአንድ ትሬሲንግ (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ) ወረቀት ላይ አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ዘጠኙንም መቅዳት ነው። ሁሉም የሚጋሩት መስመር ዘጠኝ ጊዜ ስለሚሰመር ይጠቁራል፣ አንዱ ብቻ ያለው ጠመዝማዛ ወይም በብየዳ የተለጠፈ ጥገና ደብዝዞ ለብቻው ይታያል። የሚሣለው ያ ደብዛዛው ነው። አንድ ብየዳ ሠራተኛ ከተለመደው የወጣበት ቦታ ማለት ነው።

ከሰል_ጣት
ጋሼ ግድግዳ አንባቢ፣ በአክብሮት አልስማማም። ደመናማ ብርሃን ለፎቶግራፍ እሺ፤ ለሠዓሊ ግን ሕንፃን ሥጋ የሚያለብሰው ጥላ ነው። በደመና ሰዓት ተራ ግድግዳ ይሞታል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ መስመር ከመሰመሩ በፊት ጥላው ይሣል። ትንሽ ሣጥን አስምሩ፣ 6 በ8 ሳንቲ ሜትር። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ሦስት ደረጃ ብቻ ለዩ፦ ነጭ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። ሰማይና ፀሐይ የመታው ግድግዳ አንድ ላይ ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁኑ፣ ጠርዙን አታስምሩት። የበረንዳ ሆድና የመግቢያው ጨለማ ተያይዘው አንድ ጥቁር ቅርፅ ከሆኑ አትለዩአቸው። ለአንዱ ትንሽ ንድፍ 3 ደቂቃ በቂ ነው። አራት ከሠራችሁ አንዱ ይበቃችኋል።

ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። በ40 ደቂቃ 10 ዲግሪ ማለት ነው፤ የጥላው ቅርፅ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የጥላው ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይሰመርና ከዚያ በኋላ እዚያው ይጸና። የሚያበላሸው እየሄደ ያለውን ጥላ እየተከተሉ ማስተካከል ነው፤ መጨረሻ ላይ ግራው ፎቅ የጠዋት፣ ቀኙ የቀትር ጥላ ይዞ ይገኛል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ የሩዋንን ካቴድራል ሲሥል በ1892 እና በ1893 ብዙ ሸራ ደርድሮ ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ ይቀይር ነበር። አንድ ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው በነጋታው በዚያው ሰዓት መመለስ ነው ያለው አማራጭ።

ጥላውን በስሌት ማረጋገጥም ይቻላል። ፀሐይ ፊት ለፊት ግድግዳውን እየመታች በ45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ከሆነች፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የመስኮት ደፍ ከሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል። 60 ዲግሪ ስትደርስ ወደ 35 ይረዝማል። በአንድ ግድግዳ ላይ እኩል የወጡ ደፎች ሁሉ እኩል ጥላ ነው የሚጥሉት። አንዱ ካጠረ ወይ ደፉ ተሰብሯል፣ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል።

ሰማያዊ_በር
አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ግን ጋሼ ደመና ይላሉ፣ ከሰል ጣት ፀሐይ ይላል። የቱን ልያዝ? ደግሞ የረገፈው ግድግዳስ? እድፉን እንዳለ ስገለብጠው ቆሻሻ ወረቀት ነው የሚመስለው።

ግድግዳ_አንባቢ
ከሰል ጣት ልክ ነው፤ እኔም አልተሳሳትኩም። ቅርፅ ስትሰበስቢ ደመና፣ አንድ ሥዕል ስትሠሪ ፀሐይ። ሁለቱን በአንድ ሥራ አትቀላቅዪ፣ ያለቀለት ነገር ነው።

እድፉን በተመለከተ፦ ቆሻሻ የሚመስለው መንስኤው ሳይታወቅ ስለሚገለበጥ ነው። እያንዳንዱ እድፍ ምንጭ አለው፣ አቅጣጫም አለው። ከመስኮት ደፍ ሁለት ጫፍ የሚወርዱ ሁለት ጥቁር መስመሮች ታያለሽ። ደፉ ላይ የተጠራቀመው ዝናብ አቧራውን ይዞ በጫፎቹ ስለሚፈስ ነው። ከደፉ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎድጓዳ መስመር ካልተበጀ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና መሐሉም ይጠቁራል። ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ገደማ ቀለሙ የተላጠው ከመሠረቱ የሚወጣ እርጥበት ነው። በጡብ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ውሃ ከውስጥ አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ የብረቱ ዘንግ ከታየ፣ ብረት ሲዝግ መጠኑ ስለሚያብጥ ሽፋኑን ገፍቶ ጥሎታል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች ቡናማ መስመር መኖር አለበት።

ይህን ካወቅሽ አሥሩን እድፍ ትተሽ አንዱን ከነምንጩ ትሥያለሽ። ምንጭ የሌለው እድፍ ይውጣ።

በውሃ ቀለም አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይሁን፤ ከዚህ የሳሳ ሲርስ ይጨማደዳል። የግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ጭራሽ ይድረቅ፤ በእጅሽ ጀርባ ስትነኪው ከቀዘቀዘ ገና ነው። ሰሌዳውን 30 ዲግሪ ገደማ አጋድሚ። ጣት የማይሞላ ቀጥ ያለ መስመር በንጹሕ ውሃ አርጥቢ፣ ከላይ ደፉ ሥር ብቻ ጥቁር ቀለም አስነኪ፣ ራሱ ይውረድ። ታችኛውን ጫፍ በሶፍት ምጠጪ። የሚያበላሸው በግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ እርጥብ ብሩሽ መመለስ ነው፤ አዲሱ ውሃ ቀለሙን ወደ ዳር ይገፋና የአበባ ጎመን ዓይነት ጠርዝ ያወጣል። ከወጣ አትነካኪው፤ ይድረቅና እንደ ሻጋታ ይቆጠር።

ባለ_ሮለሩ
ሥዕል ብቻ አይደለም መንገዱ። የወለል ንጣፍ፣ ፍርግርግ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት፣ እነዚህ ለኅትመት የተፈጠሩ ናቸው። ሆላንዳዊው የኅትመት ሠዓሊ ኤሸር በ1922 እና በ1936 ግራናዳ ውስጥ አልሐምብራ የሚባለውን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ጎብኝቶ የግድግዳ ንጣፎቹን ቀድቷል፤ የታወቁት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ቅርፆቹ ላይ አሻራው አለ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ በሁለት አቅጣጫ የሚደጋገም ንድፍ ከ17 ዓይነት አሠላለፍ እንደማይወጣ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፌዶሮቭ በ1891 አረጋግጧል። ስለዚህ ማለቂያ የለውም ብለህ አትፍራ፤ አሥራ ሰባት ብቻ ነው።

አሠራር፦ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ወረቀት። ከሕንፃው ያገኘኸውን ቅርፅ መሐል ላይ ሣል፣ ጠርዝ አያስነካ። ወረቀቱን ቁመቱን ለሁለት ቁረጥና ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዙረህ ከጀርባ በፕላስተር ለጥፍ። አሁን ወርዱን ቁረጥና ላይኛውን ከታችኛው ቀይር። መሐሉ ባዶ ሆኗል፤ እዚያ ሁለተኛውን ቅርፅ ሙላ፣ አሁንም ጠርዝ ሳትነካ። ይህ ካሬ በየትኛውም በኩል ከራሱ ጋር ይጋጠማል። ሊኖ (ለኅትመት የሚቀረፅ ለስላሳ ንጣፍ) ላይ ከመቅረፅህ በፊት ዘጠኝ ኮፒ አድርገህ ሦስት በሦስት ግድግዳ ላይ ለጥፍና ከሦስት ሜትር እይ። ለብቻው ያማረው ንድፍ ሲደጋገም ያልታሰበ ነጭ ሸንተረር ያወጣል። አንድ ኮፒ ላይ አይታይም፣ ጉዱ ዘጠኙ ላይ ነው።

ቀረፃው ላይ የሚያጋጥመው፦ ሊኖው ከቀዘቀዘ ይሰባበራል፣ መብራት ሥር ትንሽ አሙቀው። መቅረጫው ሁልጊዜ ከያዝክበት እጅ ይሽሽ፤ ሰው የሚቆረጠው በያዘበት እጅ በኩል ሲገፋ ነው። ፊደል ወይም ቁጥር ካለ ተገልብጦ ይቀረፅ። ቀለሙ ሮለሩ ላይ ሲሳሳ እንደሚጠበስ ነገር ቸስ የሚል ድምፅ ያወጣል። ከተጣበቀና ከተንጣጣ በዝቷል፤ በዛ ማለት ቀጫጭኑ ቅርፅ ይደፈናል። ማተሚያ ከሌለ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር እሸው።

ሁለት_ቢ
ከባለ ሮለሩ ሳልወጣ፦ መቅረፅ ለማይፈልግ ማሻሸት አለ። ሠዓሊው ማክስ ኧርንስት በ1925 የእንጨት ወለል ላይ ወረቀት አስቀምጦ በእርሳስ በማሻሸት የጀመረው ነገር ነው። ምርጡ ከቀለጠ ብረት በቅርፅ የተሠራ የጉድጓድ ክዳንና የተቀረፀ በር ነው፤ መኪና የሚሄድበት መንገድ ላይ ያለውን ተዉት። ወረቀቱ ሳሳ ይበል፣ ከ40 እስከ 60 ግራም። አራቱን ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ያዙት፤ ካልያዛችሁት ተንሸራቶ ምስሉ ሁለት ይሆናል። የ6ቢ እርሳስ ወይም የሰም ቀለም በጎኑ ተኝቶ በአንድ አቅጣጫ ይሻሽ፣ መጀመሪያ በስሱ። ሻካራ ልስን ላይ አይሆንም፣ ጫፉ ወረቀቱን ይበሳዋል። በሰም ከሠራችሁ ላዩ ላይ የውሃ ቀለም ልቀቁበት፤ ሰሙ ውሃ አይቀበልም፣ የተሻሸው ብቻ ነጥሮ ይቀራል።

አሮጌ ለስላሳ ድንጋይና ቀለሙ የሚላጥ ግድግዳ ላይ ግን አትሞክሩ፤ ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞት ይመጣል።

ስለ ጥበቃዎችም አንድ ነገር። ከመቆማችሁ በፊት ጥበቃውን ሰላም ብሎ ደብተሩን ማሳየት ከመባረር ያድናል። ወታደራዊና የመንግሥት ተቋም አካባቢ ስልክ አለማውጣት ነው። ፎቶውን ወይም ሥዕሉን ለመሸጥ ካሰባችሁ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ለምሳሌ የአይፍል ማማ ራሱ ነጻ ነው፣ የሌሊት መብራቱ ግን በቅጂ መብት የተያዘ ነው። ለተራ የመኖሪያ ሕንፃ ችግሩ ሕግ ሳይሆን በመስኮት የሚታይ ሰው ነው፤ ፊት አትሣሉ።

ከሰል_ጣት
ማሻሸቱን ወድጄዋለሁ። ሌላ የተረሳ ምንጭ ልጨምር፦ ጎረቤቱ የፈረሰበት ሕንፃ የጎን ግድግዳ። የፈረሰው ቤት ክፍሎች እዚያው ላይ ታትመው ይቀራሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ በመካከላቸው የደረጃው የዚግዛግ አሻራ፣ ከላይ የጭስ ማውጫው ጥቁር መስመር። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሞንድሪያን እስከ 1914 ባሉት ዓመታት ፓሪስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎችን በንድፍ ይይዝ ነበር፤ ከእነዚያ ንድፎች የሠራቸው ሥዕሎች ወደ ንጹሕ ካሬና መስመር የሄደበት መንገድ ናቸው። ከማስታወቂያ ግድግዳ የወሰደው ፊደል ሳይቀር አንዱ ላይ ይነበባል።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲገኝ ነገ ዛሬ አይባልም፤ አዲስ ግንባታ ይሸፍነዋል ወይም ይለሰናል። ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት፣ የክፍሎቹን ወሰን ብቻ አስምሩ፣ ቀለሞቹን ከ5 አታሳልፉ። ያልተለሰነ ብሎኬት ካለ ለመለኪያ ይሁናችሁ፤ አንዱ ረድፍ ከነሲሚንቶው በብዛት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አሥር ረድፍ ሁለት ሜትር። ደረጃውም እንዲሁ፤ የአንዱ መርገጫ ከፍታ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሰማያዊ_በር
የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። መስኮቶቹ ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆኑብኛል፤ የጥላው ቀለም ደግሞ ግድግዳውን ያጨቀየዋል። ግድግዳው ቢጫ ነው።

ከሰል_ጣት
መስኮት፦ ቀን ላይ መስታወት የሚጠቁረው ክፍሉ ከውጭው ስለሚጨልም ነው፤ ግን ሁሉም እኩል አይጠቁርም። የምድር ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ያንጸባርቃል፣ ይጨልማል። የላይኛው ፎቅ ሰማይ ያንጸባርቃል፣ ይነጣል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እያነጣሽ ሂጂ። የተከፈተው መስኮት ብቻ እውነተኛ ጥቁር ይሁን። መስኮቱ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ፀሐይ በመጣችበት ጎንና ከላይ የኤል ቅርፅ ያለው ጥላ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። እሷን ቀጭን ጥላ አስገቢና ፍሬሙን ባታስምሪም መስኮት ይሆናል።

ጥላው፦ ጥቁር ቀለም ከቢጫ ጋር ሲገናኝ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ያጨቀየው እሱ ነው። ጥቁሩን አስቀምጪው። አልትራማሪን ሰማያዊ ከበርንት ሲየና (ቀላ ካለ ቡናማ) ጋር ቀላቅዪ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቃዛ፣ ሲየናው ሲበዛ ሞቃት ግራጫ ይወጣል። ለቢጫ ግድግዳ ወደ ሲየናው አድሊ፣ ጠብታ ሐምራዊም ትችያለሽ። ቢጫው ከደረቀ በኋላ በትልቅ ብሩሽ በአንድ ጉዞ ልበጪውና ተነሺ። ሁለተኛ ከሄድሽበት ሥር ያለው ቢጫ ይነሳል።

ቀጭን_መስመር
ጥላው ከደፉ ሥር ጠንካራ ጠርዝ ይኑረው፣ ከደፉ ሲርቅ ጠርዙ በትንሹ ይለስልስ። ከመሬት የሚንጸባረቅ ብርሃን ስላለ የበረንዳ ሆድ ከታች ወደ ላይ ይሞቃል፤ እዚያ ግራጫው ላይ እርጥብ እያለ ትንሽ ሲየና ጣይበት።

ሰማያዊ_በር
እግዜር ይስጥልኝ። በከሰል ከሠራሁትስ እንዳይጠፋ?

ሁለት_ቢ
ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጸና ፈሳሽ) አለ፤ መርጫውን 30 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ፣ ወረቀቱ ቆሞ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ንፊ፤ በየመሐሉ ይድረቅ። መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ሽታው ጤና አይሰጥም። ቀርበሽ ካርከፈከፍሽው ይንጠባጠባል፣ ቀላሉም ግራጫ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ግራጫውን ከምትፈልጊው አንድ ደረጃ አንጥተሽ ተዪው።